ሥዕል አደራ ነው፦ በግቢ ጋለሪ ለምትሠሩ ተማሪዎች

ጋለሪያችን ውስጥ ለመሥራት የተመዘገብኩ ቀን የተሰጠኝ መጥረጊያ ነው። ቅር አለኝ። እኔ የጠበቅሁት ስለ ቀለም መፈላሰፍና ከሠዓሊዎች ጋር ማኪያቶ መጠጣት ነበር። መጥረጊያውን ያቀበለችኝ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፊቴን አይታ "አቧራው መጀመሪያ ይውጣ፤ ፍልስፍናው ይደርሳል" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሐዋሳ በተማርኩበት ግቢ፣ ያቺን ክፍል ከጓደኞቼ ጋር አንቀሳቀስናት። ግድግዳው ላይ ከሰቀልነው ውስጥ አንዱም የእኛ አልነበረም። ከሰው እጅ ትቀበላላችሁ፣ ለሰው ታሳያላችሁ፣ እንደነበረ ትመልሳላችሁ። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" የሚባለው ለዚህ ዓይነት ሥራ ይመስለኛል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ተሳስተን የተማርነው ነው። እናንተ ሳትሳሳቱ ብታውቁት ይሻላል።

1. ክፍሉን እወቁት

ግቢው የሚሰጣችሁ ክፍል ለጋለሪ ተብሎ የተሠራ አይሆንም። የድሮ መማሪያ ክፍል ወይም ዕቃ ሲከመርበት የኖረ ቤት ነው የሚደርሳችሁ። ችግር የለውም። ግን አንድም ሥዕል ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን እዚያው ዋሉ።

ጠመኔ ያዙ። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደምታርፍ አስምሩ። የሐዋሳ ፀሐይ ቀልድ አታውቅም። ከሰዓት በምዕራብ መስኮት ከገባች ፊት ለፊቷ ያለውን ነገር ሁሉ ትበላዋለች። የውሃ ቀለም፣ ባለ ቀለም እርሳስና ጨርቅ ቶሎ ይገረጣሉ። ሙዚየሞች ለእንደነዚህ ዓይነት ሥራዎች የብርሃኑን መጠን 50 ሉክስ ገደማ ላይ ያቆሙታል፤ ለዘይት ቀለም እስከ 200 ይፈቅዳሉ። ቀጥተኛ ፀሐይ ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሉክስ ነው። ስልካችሁ ላይ ብርሃን የሚለካ አፕ ጫኑ፤ በትክክል ባይለካም ግምት ይሰጣችኋል። መጋረጃ መግዣ ካጣችሁ አቡጀዲ ግዙና ሁለት ድርብ አድርጋችሁ መስኮቱ ላይ ዘርጉት። ብርሃኑ ይለሰልሳል፤ ክፍሉም ያምራል።

ቀጥሎ ወደ ላይ እዩ። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት ካለ ከላዩ ቆርቆሮው ያፈሳል ማለት ነው። አሁን በጋ ስለሆነ ደረቅ ነው ብላችሁ አትሸወዱ። በዚያ ቀለበት ሥር ምንም አይሰቀልም።

ከዚያ ግድግዳውን አንኳኩት። ድምፁ ድፍን ከሆነ ብሎኬት ነው፤ ድሪልና ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን የሚይዝ ፕላስቲክ) ይፈልጋል። ከበሮ ከመሰለ ቺፑድ ነው፤ ትንሽ ሚስማር ይይዝለታል እንጂ ከባድ ፍሬም አይችልም። በመጨረሻ ቁልፉ ስንት እንደሆነና ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ። ቁልፉ ያለው ሰው ሁሉ ስሙ ወረቀት ላይ ይስፈር።

2. ደብዳቤ

ይህን ማንም አይወደውም፤ ስለዚህ ባጭሩ። በቃል የተፈቀደ ነገር ፈቃጁ ሲዛወር አብሮ ይዛወራል። በክበባችሁ ስም፣ ለተማሪዎች ዲን፣ ጉዳዩን በአንድ መስመር፣ ክፍሉንና ቀኑን ለይታችሁ ጻፉ። ግልባጭ ለጥበቃ፣ ለንብረት ክፍልና ለጽዳት አስተባባሪ ይሁን። መዝገብ ቤት ስታስገቡ ቁጥሩን ተቀበሉ። አንድ ጊዜ ደብዳቤያችን መሳቢያ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተኝቶ ነበር። ቁጥሩን ይዘን ስንሄድ በአምስት ደቂቃ ተገኘ። ያለ ቁጥር ብንሄድ ኖሮ "እስቲ ነገ" ይሉን ነበር።

3. ቀን ስትመርጡ

ሚድና ፋይናል ያለበትን ሳምንት ዝለሉ። የሚጎበኝም ሰው የለም፤ ተረኛ ሆኖ የሚቀመጥም አታገኙም። ለመጀመሪያ ኤግዚቢሽን ሁለት ሳምንት ይበቃል።

የከተማውንም ቀን መቁጠሪያ እዩ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤል ሲነግሥ ሐዋሳ በእንግዳ ትሞላለች፤ በዚያ ሰሞን ሥዕል በባጃጅ አመላልሳለሁ ማለት ዘበት ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ደግሞ ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ አያንቶ የሚባሉ የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። ስለዚህ በዚያ ወቅት አካባቢ መክፈቻ ካሰባችሁ ፖስተሩን ቀድማችሁ አታሳትሙ። በዓሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዓሉን መነሻ ያደረገ ኤግዚቢሽን ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን መጀመሪያ የሲዳማ ተማሪዎችን ጠይቁና ከእነሱ ጋር ሥሩት።

4. ሥራ መሰብሰብና መምረጥ

ማስታወቂያው ላይ አምስት ነገር ካላካተታችሁ በኋላ ታለቅሳላችሁ፦ ከአንድ ሰው ስንት ሥራ፣ ትልቁ መጠን፣ የማስረከቢያ ቀንና ሰዓት፣ "ከጀርባው መስቀያ ያለው" እና "የደረቀ" የሚሉት። የመጨረሻውን በደማቁ ጻፉት። ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የሥነ ጥበብ ተማሪዎችን ብቻ አትጠብቁ። ከእኛ ጥሩ ጥሩዎቹ የመጡት ከሲቪል ምሕንድስና፣ ከነርሲንግና ከእንስሳት ሕክምና ነበር። የነርሲንጓ ልጅ የሳለቻቸው እጆች አሁንም ዓይኔ ላይ አሉ። እጅ ማየት ሥራዋ ነዋ!

መራጮቹ ጎዶሎ ቁጥር ይሁኑ፤ አምስት ጥሩ ነው። ፊርማውን በወረቀት ሸፍኑ። የጓደኛው ወይም የክፍል ጓደኛው ሥራ የቀረበ መራጭ ለዚያ ሥራ ድምፅ አይስጥ። ግቢ ትንሽ አገር ናት፤ ሁሉም ነገር ይሰማል።

ያልተመረጠውን ልጅ በቴሌግራም "ይቅርታ አልተመረጠም" አትበሉት። እኛ አንዱን እንደዚያ አደረግነው። ዓመቱን ሙሉ ካፌ ውስጥ ስንገናኝ ፊቱን አዞረብን፤ እውነቱን ነው። ጥሩት፣ ሥራውን መሐል አስቀምጡና ምን እንዳያችሁ ንገሩት። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

5. መረከብ

ሥራው ሁሉ የሚበላሸውም የሚድነውም እዚህ ጋ ነው። ሁለት ሰው ይመደብ፦ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይጽፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአራት ለሚበልጥ ሠዓሊ ቀጠሮ አትስጡ።

ቅጹ አንድ ገጽ ይሁን። የሠዓሊው ስም፣ ስልክ፣ የሥራው ርዕስ፣ የተሠራበት ዓመት፣ በምን እንደተሠራ፣ ቁመትና ወርድ በሴንቲ ሜትር (ቁመት ይቀድማል፤ ሁላችሁም አንድ ዓይነት ካልጻፋችሁ ስትሰቅሉ ትጣላላችሁ)፣ ይሸጣል አይሸጥም፣ ዋጋው፣ የሚመለስበት ቀን። ከሥሩ ደግሞ "የተረከብንበት ሁኔታ" የሚል ሰፊ ባዶ ቦታ ተዉ።

ያንን ቦታ የምትሞሉት እንዲህ ነው። ሥዕሉን ንጹሕ አንሶላ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። መጋረጃውን ዝጉ። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከጎን፣ ከሸራው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ያዙት። ፊት ለፊት ሲበራ የማይታየው ነገር ሁሉ ያኔ ይወጣል፦ ጭረት፣ የረገበ ሸራ፣ የተሰነጠቀ ቀለም፣ ከጀርባ ተገፍቶ ያበጠ ቦታ። "ታች ግራ ጥግ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ጭረት" ብላችሁ ጻፉ። "ትንሽ ተጭሯል" ብሎ መጻፍ ምንም እንዳለመጻፍ ነው። ከዚያ ፊቱን፣ ጀርባውንና አራቱን ጥግ ፎቶ አንሡ። ሠዓሊው ፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንዱ ኮፒ ለእሱ።

አሁን "የደረቀ" ወደሚለው ልመለስ። አንድ ልጅ በዘይት ቀለም የሳለው የሐይቁን ማለዳ ይዞ መጣ። ቆንጆ ሥራ ነበር። "መቼ ጨረስከው?" ስለው "ሌሊት" አለኝ። ይህን ሲለኝ ሥዕሉ እጄ ላይ ነበር። ሳስቀምጠው የአውራ ጣቴ አሻራ ሰማዩ ላይ ቀረ። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። በኋላ "ተወው፣ ደመና ይሁን" አለኝ። በጣም ጨዋ ልጅ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እኔም ደመና ሆኜ ነበር።

ዘይት ቀለም ላዩ ሲነካ የማይለጥፈው እንደ ውፍረቱ ከቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ውስጡ እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል። አክሪሊክ በሰዓት ውስጥ ቢደርቅም ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልስና ከፕላስቲክ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ሥዕልን በቀጥታ በፌስታል ወይም በፕላስቲክ አትጠቅልሉ። ከቀለሙ ላይ መጀመሪያ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አድርጉ፤ ሱፐርማርኬት ይሸጣል። ካርቶኑና አንሶላው ከዚያ በላይ ይሁን። በከሰል የተሳለ ከሆነ ምንም አይንካው፤ መስታወት ያለው ፍሬም ውስጥ ካልገባ አትቀበሉ።

አያያዝም አለ። ሥዕል በሁለት እጅ፣ ከሁለቱ ጎን ይያዛል። ከላይኛው እንጨት አንጠልጥሎ መሄድ የለም። ጣት በሸራውና በእንጨቱ መሐል አይገባም፤ ሸራው ያብጣል። በር ላይ አንድ ሰው ቀድሞ ይክፈት።

ከከተማ የምታመጡት ካለ፣ ወርዱ ከሜትር ያለፈ ሥዕል ባጃጅ ውስጥ አይገባም። "በጎን በኩል እይዘዋለሁ" የሚል ጀግና አይጠፋም። አትስሙት። ከሰዓት ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሣል። ሥዕሉ የተሠራበት ሸራና የጀልባው ሸራ ስማቸው አንድ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ነፋስ ሲያገኘው ሥራውን ያስታውሳል። ጠዋት፣ በተዘጋ መኪና አምጡ።

ገብቶ እስኪሰቀል ድረስ ወለል ላይ አይቀመጥ። የእንጨት ቁራጭ ወይም ጡብ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከሥሩ አድርጉ። ፊት ከፊት፣ ጀርባ ከጀርባ አስደግፉ፤ በመሐል ካርቶን። እኛ ይህን ሳናውቅ ሁለት ፍሬም መሬት ላይ አስደግፈን ሄድን። የጽዳት ሠራተኛዋ እንደ ሁልጊዜው ጠዋት ወለሉን በውሃ አጠበችው። የፍሬሙ ታች ውሃ ጠጥቶ ተንጋደደ። እሷ ሥራዋን ነው የሠራችው፤ ያልነገርናት እኛ ነን። ከዚያ በኋላ ኤግዚቢሽን በመጣ ቁጥር "እትዬ፣ በዚህ ሳምንት በደረቁ ብቻ" እንላታለን። እሷም ከማናችንም በላይ ተቆጣጣሪ ሆነች። ግድግዳ የሚደገፍ ተማሪ ካየች አለቀለት።

6. መስቀል

መጀመሪያ ምንም ሳትሰቅሉ ሥዕሎቹን በየግድግዳው ሥር፣ በጡባቸው ላይ ደርድሩ። አንድ ሌሊት ይደሩ። በማግሥቱ ስትመለሱ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደማይስማማ ያለ ክርክር ይታያችኋል። ከበሩ ስትገቡ ፊት ለፊት የሚታየው ግድግዳ ላይ ጠንካራውን ሥራ አድርጉ። ትንንሾቹን ሰው ቀርቦ ሊያያቸው በሚችልበት ቦታ አድርጉ። አዲስ አበባ ከሄዳችሁና ስድስት ኪሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት ግቡ። ሥዕሎቹን ካያችሁ በኋላ አንድ ዙር ደግማችሁ ክፍተቱን፣ ቁመቱንና መብራቱን ብቻ እዩ።

ቁመቱ እንዲህ ይሰላል። የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ብዙ ሙዚየሞች ከ145 እስከ 152 ባለው ውስጥ ይሠራሉ። የሚሰለፈው መሐላቸው ነው፤ የላይኛው ጠርዝ አይደለም። አሁን ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሥዕል አለ እንበል። ግማሹ 40 ነው። ከጀርባው ያለውን ሽቦ በጣታችሁ ወደ ላይ ሳቡትና ከላይኛው ጠርዝ ስንት እንደሚርቅ ለኩ፤ 8 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ሚስማሩ የሚገባው 150 ሲደመር 40 ሲቀነስ 8፣ ማለትም 182 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ይህን ስሌት በማርከር ጽፋችሁ በሩ ጀርባ ላይ ለጥፉት። አራተኛ ዓመት ምሕንድስና የደረሰ ጓደኛችን 8ቱን መቀነስ ረስቶ አንድ ግድግዳ ሙሉ ወደ ላይ ሰቅሎልናል። ስሙን አልናገርም።

ክፍተቱም ስሌት ነው። ግድግዳው 6 ሜትር ነው፤ የሦስቱ ሥዕሎች ወርድ 100፣ 60 እና 100 ነው። ድምሩ 260። ከ600 ሲቀነስ 340 ይቀራል። ሦስት ሥዕል አራት ክፍተት ይፈጥራል፤ 340 ለ4፣ እያንዳንዱ 85 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ዓይናችሁን እመኑ። አንዳንዴ ሥዕሎቹን ጥቂት ማቀራረብ ያስፈልጋል።

ብሎኬት ላይ ፊሸር 6 ወይም 8 እንደ ክብደቱ። ወርዱ ሰፋ ያለ ሥዕል ሁለት መንጠቆ ይፈልጋል፤ በአንዱ ከተሰቀለ በር በተዘጋ ቁጥር ይንጋደዳል። ውሃ ልክ ተጠቀሙ። ወለሉና ኮርኒሱ ራሳቸው ጠማማ ከሆኑ ግን (ይሆናሉ) ውሃ ልኩ ትክክል ነው ያለው ሥዕል ለዓይን ጠማማ ይሆናል። ያኔ ለዓይን አድሉ።

ግቢው "ግድግዳ አትብሱ" ካለ፣ ከኮርኒሱ ሥር በግድግዳው ርዝመት አንድ ቱቦላሬ አስበይዳችሁ ከሱ ላይ ማንጠልጠል ትችላላችሁ። እኛም ያደረግነው ይህንን ነው። ስሕተታችን ማንጠልጠያው ላይ ነበር። ሐዋሳ ነንና ርካሽም ጠንካራም ነው ብለን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ገዛን። አይታይም፤ ሥዕሉ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሁላችንም ተደነቅን። ጠዋት ስንገባ አንዱ ወለል ላይ በጥጉ ተተክሎ አገኘነው። ናይለኑ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ነው ሾልኮ የተፈታው። ናይለን ሙልጭልጭ ነው፤ እንደ ሲባጎ ብትቋጥሩት አይያዝም። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ያሉት ዓሣ አጥማጆች እንዴት እንደሚቋጥሩት ያውቃሉ፤ እኛ አናውቅም። የፍሬሙን ጥግ ለአናጺ ሰጥተን ከኪሳችን አዋጥተን ከፈልን። ከዚያ ወዲያ ቀጭን የብረት ሽቦ ገመድ ብቻ፣ ጫፉ በብረት መቆንጠጫ የታሠረ። ናይለን ለፖስት ካርድ ይሁን።

መብራት ከፊት ለፊት ሳይሆን ከላይ ሰያፍ ይምጣ፤ አለበለዚያ መስታወት ያለው ሥራ ላይ ሰው የሚያየው የራሱን ፊት ነው። ኤልኢዲ አምፖል ግዙ፤ እንደ ድሮው አምፖል አይግልም።

7. መለያ ካርድ

ርዕስ፣ የሠዓሊው ስም፣ ዓመት፣ የተሠራበት ቁስ፣ መጠን። በቃ። ሠዓሊው ስለ ሥራው አንድ ገጽ ጽፎ ይመጣል። ሦስት መስመር አድርጉትና አሳዩት። ሐዋሳ ላይ ካርዱ በአማርኛና በሲዳምኛ ቢሆን፣ ለእንግዳ ደግሞ እንግሊዝኛ ቢጨመር ደስ ይላል። ሲዳምኛውን ቋንቋው አፉን የፈታበት ሰው ያርመው፤ ከስልክ ላይ አትተርጉሙ። ካርዱ ከሥዕሉ በስተቀኝ፣ ሁሉም በእኩል ቁመት። በወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ ሌላው የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይነሣል።

8. የመክፈቻው ቀን

ከቀኑ 10 ሰዓት ጥሩ ሰዓት ነው። ክፍል ያልቃል፤ ጀንበር እስክትጠልቅ ሁለት ሰዓት አላችሁ፤ መብራት ቢሄድ እንኳ ይታያል። ንግግር የሚያደርግ እንግዳ አንድ ብቻ ይሁን፤ አምስት ደቂቃ መሆኑን ቀድማችሁ በትሕትና ንገሩት። አሥራ አምስት ይወስዳል። ሠዓሊዎቹን አቁማችሁ አስተዋውቁ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ዲኑ ተመስግኖ፣ ማይክ ያከራየው ተመስግኖ፣ የሳሉት ልጆች ከኋላ ቆመው ይቀራሉ።

ቡና፣ ቆሎና ፈንዲሻ ይበቃል። ከክፍሉ ውጭ፣ በረንዳ ላይ። ቀይ ለስላሳ ይዞ ነጭ ሥዕል ፊት የሚያጨበጭብ ሰው አይቼ ልቤ ሊወጣ ነበር።

9. ተረኛ ስትሆኑ

ፈረቃው ከሁለት ሰዓት አይብለጥ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ ክፍሉ ባዶ አይሁን። ስትረከቡ ሥዕሎቹን ቁጠሩ፣ ስታስረክቡም ቁጠሩ፣ ደብተሩ ላይ ቁጥርና ፊርማ። አሰልቺ ነው። አንድ ቀን ግን አንድ ትንሽ ሥዕል ጎደለ። ደብተሩን ስናይ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ፈረቃ ነው የጠፋው። ተደውሎ ተጠየቀ። ሠዓሊዋ ራሷ ለእናቷ ላሳይ ብላ ወስዳው ኖሯል። ደብተር ባይኖር ስንቱን እንጠረጥር ነበር።

ስልካችሁ ላይ አታቀርቅሩ። ሰው ሲገባ ተነሡ፣ ሰላም በሉ፣ ከዚያ ተዉት ይይ። በየሥዕሉ እየተከተሉ ማስረዳት ሰው ያባርራል። ከጠየቀ መልሱ። "ይሄ ምንድነው?" ለሚለው ጥያቄ ጥሩው መልስ "እርስዎ ምን አዩበት?" ነው። አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ፊት ረጅም ጊዜ ቆመው "ይሄ ዝናብ ሊመጣ ሲል ነው" አሉ። ሠዓሊው ያወጣለት ርዕስ ቁጥር ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ቀን መጥቶ ርዕሱን ቀየረ።

ፎቶ ለሚያነሣ ሰው፦ ፍላሽ የለም፣ የሠዓሊው ስም ሳይጠቀስ መለጠፍ የለም። ለእናንተም ይሠራል። ለማስታወቂያ ፎቶውን ከመጠቀማችሁ በፊት ቅጹ ላይ ፈቃድ አስፈርሙ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ለፈጠረው ሰው መብት ይሰጣል፤ መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ተማሪ ስለሆነ የሚቀነስበት የለም።

10. ሽያጭ

ዋጋ የሚያወጣው ሠዓሊው ነው። ግራ ከገባው ፍሬሙን፣ ሸራውን፣ ቀለሙን ደምሩለትና ከዚያ የድካሙን ይጨምር። ብዙዎቹ በእፍረት የቁሱን ዋጋ እንኳ አይጠይቁም። ገዢ "ቀንሱልኝ" ሲል እናንተ አትቀንሱ፤ ደውላችሁ ሠዓሊውን ጠይቁ።

ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ሠዓሊው፣ በቴሌብርም ይሁን በባንክ። በእናንተ አካውንት በኩል አንድ ብር አይለፍ፤ ወዳጅነት የሚያልቀው እዚያ ጋ ነው። ለክበቡ ድርሻ የምትወስዱ ከሆነ ከመረከባችሁ በፊት ቅጹ ላይ ይጻፍ። እኛ አንወስድም ነበር፤ በምትኩ የሸጠ ሰው ለቀጣዩ ዙር ፊሸርና ሽቦ ይገዛል። የተሸጠው ሥዕል ካርድ ላይ ቀይ ነጥብ ለጥፉ፤ ሥዕሉ ግን እስከ መዝጊያው ቀን ይሰቀል። ለገዢውም ንገሩት፦ ሥዕሉን ገዛ ማለት አባዝቶ ቲሸርት ላይ ማተም ይችላል ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

11. ማውረድና መመለስ

ሁሉም ሰው ለመስቀል ይመጣል። ለማውረድ ማንም የለም። ስለዚህ የማውረጃውን ቡድን መጀመሪያውኑ በስም መድቡ።

አውርዱ፣ ያንኑ ቅጽ አውጡ፣ ያንኑ ባትሪ ከጎን አብሩ፣ አወዳድሩ። ሠዓሊው ፈርሞ ይረከብ። ከዚያ በሩ አለ። ከግቢ ዕቃ ይዞ ለመውጣት የመውጫ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሥዕልም ዕቃ ነው። የመጀመሪያውን ዙር ስንመልስ ይህን ረስተን አርብ ማታ፣ ቢሮ ከተዘጋ በኋላ፣ ሦስት ሥዕል ተሸክመን በሩ ላይ ቆምን።

"ጋሼ፣ የራሴ ሥዕል እኮ ነው" አለ ልጁ።

"ልጄ፣ ያንተ ይሁን የመንግሥት፣ እኔ በምን አውቃለሁ?" አሉት ዘበኛው።

ልክ ነበሩ። እኛ ከሰው ስንረከብ ወረቀት እንጠይቅ የለ? እሳቸውም በሩን በአደራ ነው የያዙት። ሥዕሎቹ እስከ ሰኞ ወደ ክፍሉ ተመለሱ። አሁን ዝርዝሩን ከነፎቶው ሐሙስ ለንብረት ክፍል አስገብተን፣ ማኅተም አስደርገን፣ አንዱን ኮፒ ለበሩ እንሰጣለን።

ተመራቂዎችን አስቀድሙ። ከተመረቁ በኋላ ስልክ ይቀየራል፣ አገር ይለወጣል፣ ሥዕሉ እናንተ ጋ ይቀራል። ቅጹ ላይ "በ30 ቀን ውስጥ ካልተወሰደ ምን ይደረግ?" የሚል ጥያቄ ጨምሩ፤ ራሱ ይምረጥ፦ ጓደኛው ይውሰድ፣ ለክበቡ ይሰጥ፣ ወይም ወደዚህ አድራሻ ይላክ።

ፊሸሮቹን ንቀሉ፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈኑ፣ ቀለም ቀቡ። ቁልፉንና የፈረቃውን ደብተር ለሚቀጥለው ዓመት ልጅ ስታስረክቡ አስፈርሙት።

የማለዳውን ሐይቅ የሳለው ልጅ የመጨረሻው ተረካቢ ነበር። "የመለስንበት ሁኔታ" በሚለው ቦታ ላይ "ሰማዩ ላይ፣ ቀኝ ከላይ፣ የአውራ ጣት አሻራ፤ የእኛ" ብዬ ጻፍኩ። አነበበው። "የእኛ" የሚለውን ሰርዞ "ደመና" ብሎ ጻፈና ፈረመ።